የሚስተርን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ

የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አብዛኛውን ጊዜ የምትደውልልኝ ማዳም ከተኛች በኋላ፣ በኢሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። የሊባኖሱ ታጣቂ ድርጅት የሂዝቦላህ አባላት የያዟቸው ፔጀሮች (መልእክት ብቻ የሚቀበሉ ትንንሽ መሣሪያዎች) በፈነዱ ማግስት ማታ ስትደውል ግን እንደ ልቧ ታወራ ነበር። ቤቱ ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረማ። ማዳም ያገኘችውን ስልክ ሁሉ፣ ታብሌቱን፣ ፓወር ባንኩን፣ የሕፃኑን የሚዘፍን መጫወቻ ሳይቀር ለቅማ በረንዳ ላይ አውጥታዋለች። የእሷን ስልክ ግን ትታላታለች። «ያንቺ አሮጌ ነው፣ ማን ይደክምበታል ተባልኩ» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «አንተ ሕግ ተምረህ የለ? ይሄ ነገር ይፈቀዳል እንዴ?»

ሕግ የተማረ ሰው እንደሚያደርገው ከሩቅ ጀመርኩ። በጦርነት ጊዜ ተዋጊ ይመታል፣ ሲቪል አይመታም፣ ስለዚህ ፔጀሩ በማን እጅ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል... አላስጨረሰችኝም።

«እሱን ተወውና ስማኝ። ሚስተር ሻወር ቤት ሆኖ ስልኩ ሲጠራ ሮጬ የማነሳው እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የረሳውን ዕቃ ልብስ ሳጥብ የማወጣው እኔ ነኝ። ታዲያ በማን እጅ ነው ያለው ልትል ነው?»

ሚስተር ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሂዝቦላህም ከማንም ጋር ንክኪ የለውም። እሷም የምትለው ስለ እሱ አይደለም። በሰው ቤት ያለ ዕቃ ባለቤቱ አንድ ቢሆንም የሚነካው እጅ ብዙ ነው ማለቷ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚነካው ደግሞ የሠራተኛዋ እጅ ነው። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስላት ቀረሁ። ጥያቄዋ ግን አልተቋረጠም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር የማነበው በእሷ ጥያቄ በኩል ሆኗል።

ስድስት ግራም

ወሬውን ሁላችንም ስለሰማነው አላስረዝመውም። መስከረም 7 ቀን 2017፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሊባኖስና በከፊል በሶሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ፔጀሮች አንድ ላይ ፈነዱ። በማግስቱ የእጅ ሬዲዮዎች ተከተሉ። ከእነሱም አንዱ የፈነዳው ደቡብ ቤይሩት ባለው ዳሂዬ ሰፈር ውስጥ፣ የፊተኛውን ቀን ሟቾች ለመቅበር በወጣው ሕዝብ መሀል ነበር። በዚያው ሳምንት የሊባኖስ ጤና ሚኒስቴር 37 ሰው እንደሞተና ወደ 3,000 ሰው እንደቆሰለ ተናገረ። እስራኤል መጀመሪያ ዝም አለች። ኔታንያሁ ጥቃቱን የፈቀዱት እሳቸው መሆናቸው የተነገረው ኅዳር ላይ ነው።

የነገሩ ምፀት ሂዝቦላህ ወደ ፔጀር የዞረው ለጥንቃቄ ብሎ መሆኑ ነው። የሂዝቦላህ መሪ የነበሩት ሐሰን ናስራላህ ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት፣ የያዛችሁት ስልክ ሰላይ ነው፣ ጣሉት፣ ቅበሩት ብለው ነበር። ፔጀር ደግሞ ኋላ ቀር ነው፤ ያለህበትን ቦታ አያሳብቅም። የፈነዳው ፔጀር ላይ ያለው ስም የታይዋኑ ጎልድ አፖሎ ነው። ጎልድ አፖሎ ግን እኔ አልሠራሁትም፣ በስሜ እንዲሠራ የፈቀድኩት ቡዳፔስት ላለ ድርጅት ነው አለ። ሃንጋሪ በበኩሏ ያ ድርጅት ፋብሪካ የሚባል ነገር የለውም አለች። ሮይተርስ በኋላ እንደዘገበው ፈንጂው የተቀበረው ባትሪው ውስጥ ነው። ክብደቱ 6 ግራም። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከመፈንዳቱ በፊት ያለው ቅጽበት ነው። ፔጀሩ ዝም ብሎ አልፈነዳም። መጀመሪያ ጮኸ። መልእክት የመጣ መሰለ። ሰው ሲጮህበት እንደሚያደርገው አነሳውና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ጉዳቱ ዓይን፣ ፊትና ጣት ላይ የበዛው ለዚህ ነው። ቤይሩት ያለ አንድ የዓይን ሐኪም በዚያች ሌሊት ብቻ ያወጣው የተጎዳ ዓይን በሥራ ዘመኑ ሁሉ ካወጣው እንደሚበልጥ ለቢቢሲ ተናግሯል።

በቤካ ሸለቆ ደግሞ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ኩሽና ውስጥ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የአባቷ ፔጀር ጮኸ። አንስታ ልትወስድለት ስትል እጇ ላይ ፈነዳ። ሞተች።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የአክስቴ ልጅ ይህን ታሪክ አልሰማችም ነበር። ግን ነግራኛለች። «ሮጬ የማነሳው እኔ ነኝ» ያለችው ይህንኑ ነው። ልጅ፣ ሚስት፣ ሠራተኛ፣ እንግዳ፤ ዕቃ ሲጮህ ቅርብ ያለ ሰው ያነሳል። የቤት ሕይወት እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት የቀድሞ የእስራኤል የስለላ ድርጅት (የሞሳድ) ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ቀረቡ። ፈንጂውን ደጋግመው እንደሞከሩት፣ የሚጎዳው የያዘው ሰው ብቻ እንዲሆን እንደመጠኑት፣ ሚስቱ ወይም ልጁ አጠገቡ ብትሆን እንኳ ምንም እንዳትሆን እንደተጨነቁበት ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ አመንኳቸው። ብዙ የተለፋበት መሆኑ ያስታውቃል። ችግሩ ስሌቱ ሁሉ የቆመው ዕቃው በባለቤቱ እጅ ነው በሚል ግምት ላይ መሆኑ ነው። አጠገቡ ያለችዋ ታስባለች። ያነሳችዋስ?

የኩሽና ዕቃ የተጻፈበት ሕግ

አንድ ነገር ላጥራ። የጦርነት ሕግ ተራ ዕቃን መሣሪያ ማድረግ ብሎ ነገር ባጠቃላይ አይከለክልም። ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ወገን ከገበያ የሚገዛ ድሮን ላይ ቦምብ እያሰረ ይዋጋል። እሱ እንደማንኛውም መሣሪያ ነው የሚዳኘው፤ ማንን መታህ፣ እንዴት መታህ ተብሎ። ነገሩ የሚለወጠው ዕቃው ምንም የማይመስል ሆኖ፣ ሰው እንዲነካው ተብሎ ሲሰናዳ ነው።

ለዚህ የተጻፈ ውል አለ። በ1980 አንዳንድ የጦር መሣሪያዎችን ለመገደብ የወጣው ስምምነት ሁለተኛ ፕሮቶኮል ይባላል። በ1996 ተሻሽሏል። እስራኤል የተሻሻለውንም ተቀብላዋለች። ስለዚህ «እኛን አይመለከተንም» የሚል መከራከሪያ ከመነሻው የለም።

አንቀጽ 7 ላይ የተከለከለው ዝርዝር ለጦርነት ሕግ ሲበዛ የቤት ነው። ፈንጂ እንዳታጠምዱባቸው ከተባሉት መሀል የልጆች መጫወቻ፣ ምግብና መጠጥ፣ የሃይማኖት ዕቃ፣ አስከሬን፣ መቃብር፣ እንስሳ አሉ። የኩሽና ዕቃም አለበት፤ ከወታደር ካምፕ ኩሽና በቀር። ተደራዳሪዎቹ ጄኔቭ ቁጭ ብለው ስለ ድስትና ስለ ጭልፋ ተነጋግረዋል ማለት ነው። ስቄ ነበር መጀመሪያ ሳነበው። ደግሜ ሳነበው ግን እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት ነገር እንደነበረ ገባኝ። የማያውቁትን አይዘረዝሩም።

የፔጀሩን ጉዳይ የሚነካው ግን ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ ነው። ጉዳት የሌለው መስሎ የሚታይ፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ፣ ፈንጂ እንዲይዝ ተብሎ በተለይ ታስቦ ከተሠራ፣ መጠቀም ክልክል ነው ይላል። ለማን ብለህ ሠራኸው የሚል ጥያቄ የለበትም። ለተዋጊ ነው ብትልም ክልክል ነው። የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነር ቮልከር ቱርክ ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ለጸጥታው ምክር ቤት ሲናገሩ ያነሱትም ይህንኑ ክልከላ ነው።

የሕግ ሰዎች ግን በዚህም ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ፣ ፔጀሩ እውነተኛ ፔጀር ነበር፣ ለወራት መልእክት ሲቀበል ኖሯል፣ ፈንጂ ተጨመረበት እንጂ ፈንጂ ሆኖ አልተሠራም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ክልከላው የወጣው በየሜዳው ተበትኖ ልጅ ለሚያነሳው ዓይነት ዕቃ ነው፣ ለአንድ ድርጅት አባላት የታደለ ዕቃ ከዚያ ይለያል ይላሉ። የመጀመሪያው ለእኔ አይዋጥልኝም። ባትሪው ሲሠራ ፈንጂው ውስጡ ነበር። ማደባለቁ ከፋብሪካ የጀመረ ነው፤ ከዚህ በላይ ታስቦ የተሠራ ነገር ምን ሊኖር ነው? ሁለተኛው ክብደት አለው። ሆኖም መልሱ ያው የቤካዋ ልጅ ናት። ሜዳ ላይ አልተበተነም፣ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ልጅ ግን አነሳችው።

በነገራችን ላይ ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ የጦርነት ሕግ መመሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነ ምሳሌ ያነሳል። ጣሊያኖች ከያዙት ቦታ ሲያፈገፍጉ የሬዲዮ ማዳመጫ ጥለው ይሄዱ ነበር። ጠላት ደስ ብሎት ሬዲዮው ላይ ሲሰካው ጆሮው ላይ ይፈነዳል። ጣሊያን እኛም ጋ ያላደረገው ነገር ስለሌለ ብዙ አልገረመኝም።

ሌላ የሚጠቀሰው በ1996 ጋዛ ውስጥ በእጅ ስልኩ የተገደለው የሐማስ ቦምብ ሠሪ ያሕያ አያሽ ነው። እሱን የገደሉት ሰዎች መጀመሪያ ድምፁን በስልኩ ሰሙ። እሱ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ አፈነዱት። ያንን ሕጋዊ ነው ለማለት አልቸኩልም። ልዩነቱ ግን ፀሐይ የሞቀው ነው። አያሽን የገደለው ሰው በዚያች ሰከንድ ስልኩን ማን እንደያዘው ያውቅ ነበር። መስከረም 7 ቀን ምልክቱን የላከው ሰው በሺዎች ከሚቆጠሩት ፔጀሮች አንዱ እንኳ የት እንዳለ ማየት አይችልም። ገበያ ይሁን፣ መኪና እየነዳ ይሁን፣ ኩሽና ይሁን። ዕቃው ለማን እንደተሸጠ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሲፈነዳ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ሌላ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። በዚያ ላይ የሂዝቦላህ ሰው ሁሉ ተዋጊ አይደለም። ፓርቲ ነው፣ ሆስፒታል አለው፣ ክሊኒክ አለው። ከሞቱት መሀል የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ነርስ ፔጀር ስለያዘ ወታደር አይሆንም።

ያልጠረጠረ

እኛ አገር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ ብልህ ሁን ማለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጨካኝ ነገር አለበት። ጥፋቱን ያልጠረጠረው ላይ ያደርገዋል። ምነው አልተጠነቀቅህም ይለዋል።

የጦርነት ሕግ ብዙ ነገር ይፈቅዳል። ማድባት ይፈቀዳል። ማታለል ይፈቀዳል። ጠላትህ ሳይጠረጥርህ ብትመታው ጎበዝ ነህ እንጂ ወንጀለኛ አይደለህም። አንቀጽ 7 ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ተረታችንን ይገለብጠዋል። ሰው የማይጠረጥራቸው ነገሮች ሊኖሩት ይገባል ይላል። የልጁ አሻንጉሊት፣ የሚበላው፣ የሚያበስልበት፣ በእጁ ይዞት የሚዞረው። እነዚህንም መጠርጠር ከጀመረ ጦርነቱ ከሜዳ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ሲቪልና ተዋጊ እያልክ የምትለየው ነገር ትርጉም ያጣል፤ ሁሉም ሰው ፈንጂ አምካኝ ይሆናላ።

ቤይሩት በዚያ ሳምንት የሆነው ይኸው ነው። ሰው የሕፃን መቆጣጠሪያ መሣሪያውን ከሶኬት ነቀለ። ከቤይሩት አየር ማረፊያ የሚነሳ መንገደኛ ፔጀርም የእጅ ሬዲዮም ይዞ እንዳይሳፈር ተከለከለ። የሊባኖስ ጦር አጠራጣሪ ዕቃ እየለቀመ በየቦታው ያፈነዳ ነበር። የእኛዋ ማዳም መጫወቻ በረንዳ ላይ ማውጣቷ እብደት አልነበረም። መጫወቻው ምንም የለበትም። የተሰረቀው ግን ምንም የለበትም ብሎ መተማመን ነው። ያንን ደግሞ ማንም ጤና ሚኒስቴር አይቆጥረውም።

ስድስት ግራም ወይስ አንድ ቶን

አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ አጥብቆ ይሞግተኛል። መሐንዲስ ነው፤ ቁጥር ይወዳል። ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ይመለስበታል። ሂዝቦላህ ከጥቅምት 2016 መጨረሻ... «መስከረም ነው፣ መስከረም 27» ብሎ ያርመኛል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሜን እስራኤል ላይ ሮኬት ሲተኩስ ከርሟል። 60,000 ያህል ሰው ቤቱን ለቆ ተሰድዷል። ሐምሌ ላይ ጎላን ውስጥ ባለችው ማጅደል ሻምስ ከተማ ኳስ ሜዳ ላይ በወደቀ ሮኬት 12 ልጆች ሞተዋል። እስራኤል መልስ ልትሰጥ መሆኑ የማይቀር ነበር ይላል። ከዚያ ወደ ዋናው ይመጣል።

«ፔጀሩ ከፈነዳ ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 13 ቀን፣ በአውሮፕላን ድብደባ ሊባኖስ ውስጥ በአንድ ቀን ከ500 ሰው በላይ አልቋል። እኛ መስቀል ስናከብር ደግሞ ናስራላህን ለመግደል ሕንፃ ከነሰዉ መሬት ውስጥ አስገቡት። ቦምብ ከላይ ከመጣል 6 ግራም አይሻልም? የአክስትህ ልጅ ፎቅ ላይ ብትሆን የቱን ትመርጥላታለህ?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ለእሷ የቱን እመርጣለሁ ብዬ ካሰብኩ 6 ግራሙን እመርጣለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም። የሞተው ሰው ብዛት ብቻ ሚዛን ከሆነ ወዳጄ ይረታል።

ግን የዚያን ሰሞን ምርጫው ከሁለት አንዱ አልነበረም። ሁለቱም ሆኗል። ፔጀሩ ቦምቡን አላስቀረም፣ መንገድ ነው የጠረገለት። ደግሞ ሕግ የሚከፋውን ነገር አሳይቶ ያነሰውን አያጸድቅም። ቦምቡ ከመጠን ያለፈ ከሆነ በተመጣጣኝነት መርህ ይጠየቃል፤ ፔጀሩ በአንቀጽ 7 ይጠየቃል። እያንዳንዱ በራሱ። መርዝን አስብ። ጉድጓድ ውኃ ውስጥ የተጨመረ መርዝ ከመድፍ ያነሰ ሰው ሊገድል ይችላል። ሆኖም በጦርነት ክልክል የሆነው መርዙ ነው፣ መድፉ አይደለም። ሰው የሞቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አገዳደሉንም ሲመዝን የኖረ ፍጡር ነው። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ አያያዙ ራሱ ጉዳይ ነው።

ወዳጄ በዚህ አልተረታም። እኔም አልተረታሁም። ሒሳቡን ግን እየተፈራረቅን እንከፍላለን።

ክሱ የት ይሂድ?

በጥር መጨረሻ ኔታንያሁ ዋሽንግተን ሄደው ለትራምፕ የወርቅ ቀለም ያለው ፔጀር በስጦታ ሰጡ። ሕጋዊነቱ የሚያከራክር ነገር እንዲህ ለማስታወሻ ሲሰጥ፣ ሌላ አገር ያለ የጦር አዛዥ ምን ትምህርት እንደሚወስድ አስባለሁ። የዕቃ አቅርቦት መረብ ደግሞ የማንም ሞኖፖል አይደለም። ፔጀሩ የታይዋን ስም፣ የሃንጋሪ ወረቀት ይዞ ሊባኖስ ገባ። ነገ ሌላ ስምና ሌላ ወረቀት ይዞ የትም ይገባል።

ፍርድ ቤትስ? ሊባኖስ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። በሚያዝያ 2016 ካቢኔዋ ፍርድ ቤቱ በግዛቷ የተፈጸሙ ወንጀሎችን እንዲያይ ፈቅዶ ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ግን ውሳኔውን ቀለበሰው። ፔጀሮቹ የፈነዱት ከዚያ በኋላ ነው። በሩ በራሷ እጅ ተዘግቶ ቀረ።

ስለዚህ ክሱ ማንም ያልጠበቀው ቦታ ሄደ። ጥቅምት 27 ቀን 2017 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ሙስጠፋ በይራም ጄኔቭ ሄደው ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አቤቱታ አቀረቡ። ሰው በሥራ ቦታው የሚጠቀምበት ተራ ዕቃ ፈንጂ ከሆነ የሠራተኛ ደህንነት የሚባል ነገር አይኖርም ነው ነገሩ። ብዙ ሰው ቀልድ አደረገው። እኔ ግን ወደድኩት። የነገሩን ቦታ ከሁሉ ይበልጥ የያዘው እሱ መሰለኝ። ቅርብ ያለው፣ ዕቃውን የሚያነሳው፣ የሚያጸዳው፣ የሚጠግነው ሠራተኛ ነዋ።

ከዚያ የሊባኖስን የሥራ ሕግ ከፍቼ አየሁ። በ1946 የወጣ ነው። እዚያም አንቀጽ 7 አለ። በግል ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ አይታቀፉም ይላል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያት የሚሠሩበት ቤት ለዚያ አገር የሥራ ሕግ የሥራ ቦታ አይደለም። በካፋላ ሥርዓት ወረቀታቸው በአሠሪያቸው ስም ታስሯል። በዚያው መኸር ድብደባው ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ፣ ቤት ተቆልፎባቸው የቀሩ፣ ጎዳና ያደሩ ሴቶች ነበሩ። መጠለያ ሲጠይቁ ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው የተባሉም አሉ።

እስራኤል የራሷን አንቀጽ 7 ልትመልስበት ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም። ሚኒስትሩ ግን ጄኔቭ ላይ ሠራተኛ ሲሉ የአክስቴን ልጅ ጨምረው ከነበረ፣ ቤይሩት ተመልሰው የሚሰርዙት አንድ አንቀጽ ነበራቸው።